ጡት እያለ ጣሳ

ድንቅነሽ በፎገራ ሜዳ፣ በቁሐር ሚካኤል ቀበሌ የምትታወቀው በምላሷ ነው። ባሏን ቀብራ አንድ ልጇን በላቸውን ስታሳድግ፣ ከብቷን ከጎርፍ ስታሸሽ፣ መሬቷን ከወሰንተኛ ስታስከብር፣ ዝም ብላ ያገኘችው ነገር አልነበረም። በደርግ ዘመን፣ ሩዝ ለፎገራ ገና እንግዳ በነበረበት በዚያ ክረምት ግን ምላሷም አላዋጣት አለ።

ነገሩ የጀመረው ከጣሳ ነው። በላቸው የአምራቾች ማኅበር ምክትል ሊቀመንበር ሆኖ ነበርና፣ ወረታ ለስብሰባ ወጣ ሲል የዱቄት ወተትና ጡጦ ገዝቶ መጣ። ጣሳው ላይ ጉንጩ የሞላ ሕፃን ተስሏል፤ ገና ጨቅላ የነበረው ልጁ አበረም እንደዚያ እንዲሆንለት ተመኘ። ሚስቱ ንግሥቲ ደግሞ የራሷ ስጋት ነበረባት። ቀኑን ሙሉ ውሃ የተኛበት የማኅበሩ ማሳ ውስጥ ቆማ ሩዝ ታርማለች፤ ፀሐይ የመታው ጡት ልጅ ያሳምማል ይባላል። ማታ ስትገባ ወተቷን መሬት ላይ አልባ ትደፋውና ለልጁ ጡጦውን ትሰጠዋለች።

ድንቅነሽ ይህን ስታይ ደሟ ይፈላል። "ባልሽን ያሳደግሁት ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው?"

"በእርስዎ ዘመን እኮ ሩዝ አልነበረም፣ እማማ።"

"ፀሐይስ አልነበረም?"

ባለሱቁ ውሃውን አፍልታችሁ በጥብጡ ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። አፍሉ ማለት ቀላል ነው! በዚያ ሜዳ እንጨት ከየት ይመጣል? ለክረምት የተከመረው ኩበት ለጡጦ ውሃ ነድዶ አለቀ፤ ለጓሮ ጎመኑ የታሰበው ፍግ ሳይቀር ምድጃ ገባ። ማገዶ ሲያጥር ውሃው ለብ ብሎ ብቻ ይወርዳል፤ ያውም ከብት የዋለበት ውሃ። ባዶውን ጣሳ ደግሞ ጎርፍ ወስዶ ማሳ ውስጥ ጣለውና ስለቱ የአንዷን አራሚ እግር ሸረከተ።

"ጡት እኮ ማገዶ አይልሽ፣ ቅጂልኝ አይልሽ፣ ቆርቆሮ አይጥል!" ትላለች ድንቅነሽ። "እናንተ ግን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆናችሁ።" የሚሰማት ግን አልነበረም።

ነሐሴ ላይ ልጁን ተቅማጥ ያዘው። ዓይኑ ጎደጎደ፣ ልቅሶው ሳይቀር ሰለለ። የላም ወተት ቢሞክሩለት አስመለሰው። ንግሥቲ ደንግጣ ጡቷን ብታጎርሰው ወተቱ ነጥፏል። በላቸው የሚይዘው የሚጨብጠው አጥቶ "የት ሄደ?" ብሎ ጠየቀ።

ድንቅነሽ ከዚህ በላይ አልቻለችም። በላቸው ጥጃዋ የሞተባትን ላም የሚያልበው የጥጃዋን ቆዳ ገለባ ሞልቶ እያስላሳት ነበር። "ላሟ እንዳትነጥፍ የሞተ ጥጃ ቆዳ ታስልሳለህ! በሕይወት ያለ ልጅህን ከጡት ነጥለህ ወተቱ የት ሄደ ትለኛለህ? ካልጠባው ከየት ይምጣ!"

በማግስቱ ልጁን አዝላ በጭቃው ውስጥ እየተንቦራጨቀች ማሳው ድረስ ሄደች። ንግሥቲን ድንበሩ ላይ አስቀምጣ ልጁን አስታቀፈቻት።

"ፀሐይ መትቶኛል እኮ።"

"ጡጦው የመታውን ያህል አይመታውም። አጥቢው!"

ልጁ ሳበ፣ ምንም አጣ፣ አለቀሰ። ድንቅነሽ የዱቄት ወተቱን ከጎረቤት በለመነችው ኩበት ባንተከተከችው ውሃ እየበጠበጠች በማንኪያ ብታቆየውም፣ ጡት ማስጠባቱን ግን ማታም፣ በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም አልተወችም። ሊቀመንበሩ አንለይ በዚህ ተማረረ። "እማማ፣ ሥራ አስፈቱን! ሩዙን አረም ይብላው?"

"የእኔን ልጅ ሞት ከሚበላው ሩዝህን አረም ይብላው!"

አንድ ቀን፣ የአራሚዎቹ ረፍት ሊያበቃ ሲል፣ የአበረ ጉሮሮ "ጉልክ" አለ። ደግሞ "ጉልክ"፤ ወተቱ መጥቷል። ንግሥቲ እንዳይቋረጥባት ፈርታ ትንፋሿን ያዘች፤ ድንቅነሽም ምላሷን። ወዲያው አንለይ ተጣራ። "ንግሥቲ! ወደ ተራሽ!"

ንግሥቲ ልትነሣ ስትል ከሊቀመንበሩ ጎን የቆመው በላቸው ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ገባ። "ተቀመጪ። ተራዋን እኔ አርማለሁ፤ ልጁ እስኪጠግብ ማንም አያስነሣትም" አለ፣ ሊቀመንበሩን እያየ።

ድንቅነሽ ልትመርቀው አፏን ከፈተች። እንባዋ ቀደማት፣ ንዴቷም ተከተለ።

"ይችን ቃል ለማውጣት የልጅህ አጥንት እስኪቆጠር መጠበቅ ነበረብህ?"