ስምንቱ ትራንዚስተሮችና የሰቢል ክፍል

በጣትሽ አትያዥው፤ በወረንጦ ያዥው። ምነው ተቆጣሽ አትበይኝ፣ አልተቆጣሁም። ይህቺን የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ባለ ሦስት እግር ነገር በሰው ጣት መሃል ሳያት ግን ሆዴ ይባባል። ያ የጅዳው፣ የሰቢል ሰፈር ክፍል ይመጣብኛል፤ የሚቀልጠው የብየዳ እርሳስ ሽታ፣ ከታች ካለው ምግብ ቤት የሚወጣው የዓሣ ጥብስ፣ ከመስኮቱ በመጋረጃ ቀዳዳ የሚገባው የአርብ ፀሐይ። ከሁሉም በላይ የአንዲት ልጅ ሳቅ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ኮምቦልቻ ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ፣ ዲፕሎማዬን እናቴ ሣጥን ውስጥ ቆልፌ፣ ጅዳ ጃሚዓ ሰፈር ማዳም ቤት ወለል ልወለውል የመጣሁ ነኝ። አርብ አርብ ዕረፍቴን የማሳልፈው ሰቢል፣ ከአገሬ ልጆች ጋር በተከራየናት ክፍል ነበር። እኔ እንግዲህ ተጠራጣሪ ነኝ፤ አልደብቅሽም። ሻንጣዬን ስዘጋ ዚፑ ላይ ክር አስሬ ነው የምሄደው፤ ስመለስ መጀመሪያ የማየው ክሩን ነው። ስኳሬን በማንኪያ ጀርባ አስተካክዬ ምልክት አደርግበት ነበር። በሰው አገር እንዲህ ካልሆኑ አይኖርም እል ነበር፤ ውሸቴን ነው፣ አገሬም እያለሁ እንዲሁ ነበርኩ።

ከአልጋዬ ጎን የምትተኛው ጓደኛዬ ሌላ ፍጥረት ነበረች። ከከፊሏ፣ ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ የወጣች፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት ልጅ፤ ከዚያች ክፍል ሌላ መግቢያ አልነበራትም። ክፍሉን በስሟ የያዘችው ታላቃችን ደግሞ፣ «እዚህ ቤት ሌባ የተባለች በዚያው ቀን ትወጣለች፤ ወላሂ አልምርም» ትል ነበር። ለዚያች ልጅ ስሟ ከጠፋ ጣሪያዋም ጠፋ ማለት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር፤ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

አንድ ቀን ማዳም የሟች አባቷን አሮጌ አምፕሊፋየር «ኻላስ፣ ጣይው» አለችኝ። ክዳኑን ብከፍተው ስምንት ጄፌት ትራንዚስተሮች! ዛሬ ፋብሪካው የማይሠራቸው፣ ገበያ ላይ በስማቸው ሐሰተኛ የሚሸጥባቸው፣ ኦሪጅናል። አስፈቅጄ ነቀልኳቸው። መካ፣ ነካሳ ሰፈር የሚኖሩ አክስት ነበሩኝ፤ ጆሯቸው ከብዶ ከአገር ሲደወልላቸው ስልኩን ይዘው ዝም ብለው ፈገግ ይሉ ነበር። ለእሳቸው ድምፅ ማጉያ ልሠራላቸው አሰብኩ። ለሁለቱ ጆሮ ሁለት እኩል ትራንዚስተር ያስፈልጋል፤ እነዚህ ነገሮች ደግሞ ከአንድ ፋብሪካ አንድ ስም ይዘው ቢወጡም አይተካከሉም። ስለዚህ እዚያው ማዳም ቤት፣ ሙከይፉ፣ ማቀዝቀዣው፣ ብርድ እየነፋብኝ፣ ጌትና ሶርስ የሚባሉትን እግሮች አንድ ላይ እያሰርኩ ሙሉ በሙሉ ክፍት ሲሆን ስንት ሚሊአምፔር ኮረንቲ እንደሚያሳልፍ በመልቲሜትር ለካሁ። ቁጥሩን በፕላስተር ላይ ጽፌ እግራቸው ላይ ለጠፍኩ። ሁለቱ ልክ ስድስት ነጥብ ሁለት ወጡ። ደስ አለኝ።

የመጀመሪያው አርብ የአክስቴን ነገር ስነግራት ጓደኛዬ አጠገቤ ተንበርክካ፣ «ይሄ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

«ሌላው ትራንዚስተር ካልገፋሽው አይከፈትም። ይሄ ሲፈጠር ክፍት ነው፤ ድሬን ከሚባለው እግር ወደ ሶርስ ዝም ብሎ ያፈሳል። ጌት የምትባለው እግር ላይ ከሶርሱ ያነሰ ቮልቴጅ ስትሰጪው መንገዱ ይጠብባል፤ የውሃ ጎማ በእግርሽ እንደመርገጥ። በደንብ ከረገጥሽው ጭራሽ ይዘጋል። ጌቷ ራሷ ግን ምንም አትጠጣም ማለት ይቻላል፤ ለዚህ ነው ከማይክ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ሳታደክም የምትቀበለው።»

«ያነሰውን ከየት ታመጪለታለሽ? ያለሽ አንድ ባትሪ!»

ሱብሃነላህ፣ አስተማሪዬ እንኳ ይህን የጠየቀ ተማሪ ቢያገኝ ይስመው ነበር። «ከሶርሱ ሥር ሬዚስተር አስገባለሁ» አልኳት። «የሚፈሰው በዚያ ሲያልፍ ሶርሱን ከፍ ያደርገዋል። ጌቷ መሬት ላይ፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ታስራ ስለምትቀር ከሶርሱ አነሰች ማለት ነው። ብዙ ሲፈስ ራሱን ይረግጣል፣ ሲቀንስ ይለቃል። ባያስ የሚሉት ይሄን ነው።»

ሳቋን ለቀቀችው። «እንግዲያ እሱ እኔ ነኝ፤ ክፍት ሆኜ የተፈጠርኩ። አንቺ ሌላኛው ነሽ እቴ፣ ካልገፉሽ አትከፈቺም!»

እኔም ሳቅኩ። ትራንዚስተሮቹን ግን በቴምር ጣሳ ከትቼ ሻንጣዬ ውስጥ ቆለፍኩ፤ ክሩንም አሰርኩ።

በሳምንቱ ስመለስ ከሕንፃው ሥር ካለው ሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ስትወጣ አየኋት። ያ ሰውዬ አንድ ጊዜ ስለነዚህ ስምንቶች ሲሰማ ዓይኑ በርቶ፣ «ሽጪልኝ» ብሎኝ ነበር። እሷ እኔን ስታይ አንድ ነገር ከዓባያዋ ሥር ደበቀች። 

ክፍሉ ይነዳል፤ ሙከይፉ ከተበላሸ ሳምንት ሆኖታል። ላቤ እየተንጠባጠበ ጣሳውን አወጣሁና ከመበየዴ በፊት ልለካ አልኩ። ስድስት ነጥብ ሁለት የነበረው አምስት ነጥብ ሰባት ሆነ። ባትሪ ቀየርኩ፤ ያው ነው። ስምንቱም ቀንሰዋል። ኦሪጅናሎቹ ወጥተው ሐሰተኞቹ ገቡ አልኩ። ክሩስ? ክሩ እንዳሰርኩት ነበር። መልሳ አስራው ነው አልኩ! እይ እንግዲህ፣ ሰው ሲጠራጠር ማስረጃው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ነው።

በሁሉም ፊት ነው የጠየቅኳት። መጀመሪያ የምቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠና ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። ማበጠሪያ፣ መቁጠሪያ፣ አንድ ቀሚስ፣ ከሁሉም መሃል አሮጌ ግን በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ የጆሮ ማዳመጫ።

«ለአክስትሽ ነበር» አለችኝ። «ሲያልቅ ላስደንቅሽ ብዬ።»

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ? «በምን ለወጥሽው?»

«ሱቁን ጠርጌለት። ሦስት ቀን።»

ማን ይመናት! ታላቃችን ወደኔ ዞር ብላ፣ «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። መለኪያውን አሳየኋት። «ቁጥር አይዋሽም» አልኩ። ጓደኛዬ ከዐስር ሶላት በፊት ቀሚሷን በፌስታል ይዛ ወጣች። ማዳመጫውን አልጋዬ ላይ ትታው ነበር።

በቀጣዩ አርብ ሐሰተኛ ያልኳቸውን ትራንዚስተሮች፣ ማዳመጫውንና መለኪያዬን ይዤ ነካሳ ሄድኩ። አክስቴ ጋ ያ ዳገት ደረጃ ነፍስ ያወጣል። ጠረጴዛው ላይ አንዱን ትራንዚስተር ከመለኪያው ጋር አስሬ ሳለ አክስቴ፣ «ጠጪ ልጄ፣ ተቃጥለሻል» ብለው ከፍሪጅ ያወጡትን የዘምዘም ጠርሙስ አጠገቡ አስቀመጡ። ትራንዚስተሩ ከቀዝቃዛው ጠርሙስ ጋር ተነካካ። ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። አምስት ነጥብ ዘጠኝ፣ ስድስት፣ ስድስት ነጥብ ሁለት። ደነገጥኩ። በጣቴ ያዝኩት፤ ወረደ። መልሼ ጠርሙሱ ላይ አስጠጋሁት፤ ወጣ።

ያረቢ! ሙቀት ነው። ሲሞቅ የሚያሳልፈው ይቀንሳል፤ ይህን ኮምቦልቻ ለፈተና ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ደግሞስ ተለዋውጠው ቢሆን አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ይል አልነበር? ስምንቱም ተራቸውን ጠብቀው እኩል ነው የወረዱት። እያየሁት አላየሁም።

ስልኳ ዝግ ነበር። ሰቢል በርሬ ሄድኩና ለታላቃችን፣ ለሁሉም፣ ለሬዲዮ ጠጋኙም ሳይቀር እያለቀስኩ ተናገርኩ። ሰውዬው፣ «ጠርጋልኛለች እኮ፤ ማዕዘኑን ሁሉ» አለኝ። ታላቃችን ግን አንገቷን ደፍታ፣ «በነጋታው መንገድ ላይ ተይዛ ተርሒል፣ ወደ አገር የሚመልሱበት እስር ቤት አስገቧት አሉ» አለችኝ። ሊመልሷት ነው ማለት ነው፤ ባዶ እጇን።

ማጉያውን ጨረስኩት። አክስቴ ማዳመጫውን አጥልቀው የእህታቸውን ድምፅ ከአገር ሲሰሙ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ድምጿ አርጅቷል» አሉ። እሳቸው ሲያለቅሱ እኔ ሌላ ነገር ነበር የሚያስለቅሰኝ።

ከወራት በኋላ ከማላውቀው የኢትዮጵያ ቁጥር የድምፅ መልእክት መጣ። እሷ ናት። «ደህና ነኝ፣ አገር ገብቻለሁ። አክስትሽ ሰሙ ወይ?» ይህችው ብቻ።

እውነቱን ልንገርሽ? መጀመሪያ ያልኩት፣ ምን ፈልጋ ይሆን? ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ተከታዩን መልእክት ጠበቅኩ፤ የምትለምነውን፣ ወይ የምትሰድበኝን። አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ነው ተንሰቅስቄ፣ «ሰሙ እህቴ፣ ሰሙ። አፉ በይኝ» ብዬ የላክሁላት። መድረሱን የሚያሳየው ሁለተኛው ምልክት አልመጣም። የተዋሰችው ስልክ ይሁን፣ ቁጥሩን ቀይራው ይሁን አላውቅም። ስልክ በቀየርኩ ቁጥር ያን መልእክት አብሬ አሻግረዋለሁ፤ እስካሁን አንድ ምልክት ብቻ ነው ያለበት።