ከመስኮቱ ሥር የተቀመጡት አማት

ድርቤ ፉፋ ስትፈራ አውራ ጣቷን በመዳፏ ውስጥ ትደብቃለች። ይህን የማውቀው አንድ አግዳሚ ላይ አብረን ስለምንቀመጥ ነው። የታኅሣሡ ግርግር በሆነ በዓመቱ፣ ነቀምቴ ስድስተኛ ክፍል ሳለን፣ ያቺን አውራ ጣት ያየሁበት ቀን በጣም ጥቂት ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። አምስተኛ ክፍል ሳለን ከክፍሉ ሦስተኛ ወጥታለች፤ እኔ የሺአረግ ስንተኛ እንደወጣሁ አትጠይቁኝ። እሷ ከጉቶ ጊዳ ገጠር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፤ አማርኛን የለመደችው እዚሁ ትምህርት ቤት ነው። እኔ ደግሞ ጎጃሜ አባቴ እዚህ ከተማ የወለደኝ፣ ከአፌ አማርኛ የማይጠፋ ለፍላፊ ነኝ። ታዲያ ንባብ ላይ ማን ማንን የሚያርም ይመስላችኋል? እሷ እኔን! ቃሉን ስስት በክርኗ ጎሸም ታደርገኛለች። በጣም ያናድደኝ ነበር፤ በጣምም እወዳት ነበር።

ክረምቱ ላይ ተዳረች። ባሏ ነመራ ጊምቢ ሆስፒታል የድሬሰርነት ሥልጠና ላይ ነበር። ትምህርቷን እንዳያስቋርጣት ሽማግሌ ፊት ቃል አስገብታ ነው ያገባችው። እሱ ጊምቢ ሲከርም እሷ ነቀምቴ ከአማቶቿ ቤት ሆና መማሯን ቀጠለች። ስድስተኛን ያለፈች ሴት ሆስፒታል በረዳትነት ትቀጠራለች ተብሎ ስለነበር ሐሳቧ ሁሉ እዚያ ነው። እናቷ በምጥ ስትሞት አጠገቧ ሆና አይታለች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ተመኝታ አታውቅም።

አማቷ ኦቦ ጨመዳ ሞፈርና ቀንበሩን ለታላቅ ልጃቸው አስረክበው ከተማ የገቡ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው። ጥቅምት ላይ ትምህርት ቤታችን ዘበኛና ደወል ደዋይ አድርጎ ቀጠራቸው። ካኪ ኮት ሲሰጣቸው ደስታቸውን አትጠይቁኝ፤ ቅዳሜ ገበያም ለብሰውት ይወጡ ነበር። ደወል የምንለው የመኪና ቸርኬ ነው፤ ከክፍላችን መስኮት ውጭ ካለው ዋንዛ ላይ ተንጠልጥሏል። ኦቦ ጨመዳም በርጩማቸውን ከሥሩ አድርገው ቀኑን ሙሉ እዚያው ይውላሉ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ድርቤ አፏ ተዘጋ። መምህር ተክለጻድቅ የሚባሉ ሸዌ መምህር ነበሩን። ነጥብ የሚሰጡት ይበልጡን በቃል ነው፤ አስነስተው ያስነብባሉ፣ ሒሳብ በቃል ያሠራሉ፣ ጂኦግራፊ በቃል ይጠይቃሉ። ድርቤ ስሟ ሲጠራ ትነሳለች፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ትስባለች፣ አውራ ጣቷን ትደብቃለች፣ ያው ነው። መጀመሪያ አፈረች ብለው አለፏት። ቀጥሎ ሰነፈች አሉ። በኋላ ንቃኛለች ብለው በማስመሪያ መዳፏን መግረፍ ጀመሩ። ድምፅ ሳታሰማ ተገርፋ ስትቀመጥ እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ለራሴ ተራ ፈርቼ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ለእሷም ነው።

የመንፈቅ ዓመቱ ውጤት ሲመጣ ካርዷ በቀይ ቀለም ተሞልቶ ነበር። ዳይሬክተሩ ቢሮ አስጠርቷት፣ ባለ ትዳር ሴት ወድቃ የምትደግምበት ቦታ የለኝም፣ ሰኔ ላይ ካላለፍሽ ስምሽ ይሰረዛል አላት። ከቢሮው ስትወጣ ከንፈሯ ደርቆ ነበር።

በማግሥቱ ወንዝ ልብስ ስናጥብ ያዝኳት። ምን ነካሽ፣ ሰው አስደገመብሽ ወይ ብዬ ጮህኩባት። ማጠቧን ቀጠለች። የያዘችውን ጋቢ ነጥቄ ድንጋይ ላይ ወረወርኩት። ያን ጊዜ ቀስ ብላ፦

«አባ ይሰማሉ» አለችኝ።

ክው ብዬ ቀረሁ። እዚሁ ተወልጄ እንዴት እንዳልገባኝ! በእኛ አገር ለጉ የሚባል ነገር አለ። ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። በኦቦ ጨመዳ ቤት ደግሞ ጠበቅ ያለ ነው፤ ምራት የአማቷን ፊት ቀና ብላ አታይም፣ ድምጿንም አታሰማቸውም። እሳቸውም በቀጥታ አያናግሯትም። የሚፈልጉትን ነገር እሷ እየሰማች ለሚስታቸው ነው የሚናገሩት። እንግዲህ እኚህ ሰው ከመስኮታችን ሥር ተቀምጠዋል። እሷ ተነስታ ስለ ወንዝና ስለ ተራራ ልትጮህ ነው? ለእሷ ገበያ መሐል ራቁት ከመቆም አይተናነስም።

ለመምህሩ ልንገርልሽ አልኳት። በእግሬ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ዳይሬክተሩ ከሰማ ሽማግሌውን ያባርራቸዋል፤ ምራት ገብታ አማቷን ከእንጀራቸው አፈናቀለች ተብሎ እስከ ጉቶ ጊዳ ይወራል አለች። ለማንም እንዳልተነፍስ በማርያም አስማለችኝ። እኔም እንደ ሞኝ ማልኩ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ወንዝ ዳር እጠይቃታለሁ። በመጀመሪያ ጎበዝ ነበረች፤ ሁሉንም ትመልስልኛለች። እየቆየ ግን እዚያም ትደናገር ጀመር። አንድ ቀን የጽሑፍ ፈተና ተሰጠን፤ እዚያ አማት የለም፣ ድምፅ የለም፤ እሱንም ወደቀች። ወረቀቱን ሳይ የምታውቀውን ሁሉ ጽፋ ጽፋ መልሳ ሰርዛዋለች። ለምን ሰረዝሽው ስላት እንዲህ አለችኝ፦

«የሺ፣ ምናልባት ድሮም አላውቅም ነበር ይሆናል።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከመምህሩ ማስመሪያ ይበልጥ ያስፈራኝ ይህ ነው። ድርቤ እኮ ናት! እኔን የምታርመኝ ልጅ! የምትለውን አምናበት ነበር የተናገረችው። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ኦቦ ጨመዳም ከመስኮቱ ሥር ሆነው የማስመሪያውን ጩኸት ይሰሙ ኖሯል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አንጀታቸው አልቻለም። ግንቦት መጨረሻ ላይ ድርቤ ጓዳ ሆና እየሰማች ለሚስታቸው፣ ይቺ ልጅ ትምህርቱ አልሆነላትም፣ እጇም አብጦ አለቀ፣ ከሰኔው ፈተና ወዲያ ጉቶ ጊዳ ከታላቁ ልጃችን ቤት ሄዳ ትረፍ አሉ። እሳቸው ማዘናቸው ነው። የሚያስደበድቧት ራሳቸው መሆናቸውን በምን ይወቁት? ድርቤ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። እጇን ብቻ ታየዋለች።

ፈተናው የሚደረገው ወላጅ ተጠርቶ፣ ከጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቢሮ ኢንስፔክተር መጥቶ፣ ክፍሉ ፊት ነው። ያን ቀን ጠዋት ድርቤ ቁርስ አልቀመሰችም፤ እኔ በልቼ መልሼ አወጣሁት። ዝናብ ያረገዘ ሰማይ ነበር። ወላጆቹ ከኋላ በአግዳሚ ተደርድረዋል፤ ኢንስፔክተሩ መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ሆኖ ከመምህር ተክለጻድቅ ጎን ተቀምጧል። ኦቦ ጨመዳን ምን ቢሏቸው ጥሩ ነው? ዝናቡ ሊመጣ ነውና ውስጥ ግባ ብሏቸው ዳይሬክተሩ በሩ ላይ አቆማቸው። ድርቤ ስታያቸው እጄን ያዘችኝ።

እኔ በፊደል ተራ ቀድሜ ተጠርቼ እንደምንም ተንተባትቤ አለፍኩ። ከዚያ «ድርቤ ፉፋ!» ተባለ።

ተነሳች። ወደ ፊት ሄዳ ቆመች። መምህሩ የዴዴሳ ወንዝ የት እንደሚገባ ጠየቋት። ዴዴሳን! ክረምት ሲሞላ ወሬውን እየሰማን ያደግን የወለጋ ልጆች ነን። ነጠላዋ ወደ አፏ ወጣ፤ አውራ ጣቷ ተደበቀ። መምህሩ ደገሙላት። ሦስተኛ ሲጠይቁ ድምፃቸው ጠነከረ። ከኋላ አንዷ እናት ሳቀች። ኢንስፔክተሩ ብዕሩን ከፈተ።

እንግዲህ መሐላዬንም ማርያምንም ረሳሁ። ተነሳሁና ኦቦ ጨመዳን በኦሮምኛ ተናገርኳቸው። ታውቃለች እኮ፣ ዓመቱን ሙሉ ያልተናገረችው እርስዎ ስለሚሰሙ ነው፣ ስትገረፍ የከረመችው እርስዎን አክብራ ነው አልኳቸው። መምህር ተክለጻድቅ ምን እያለች ነው ብለው ሰው ይጠይቃሉ። የገደልኳት መሰለኝ። እሷም ዞራ ያየችኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ኦቦ ጨመዳ ባርኔጣቸውን ይዘው ወጡ። በመስኮቱ ሳያቸው ዋንዛውን አልፈው ወደ ዋናው በር እየሄዱ ነው። እፎይ አልኩ። ሰውየው ሄደዋል፤ አሁን ትናገራለች።

መምህሩ እንደገና ጠየቋት። አፏን ከፈተች። ምንም የለም። ለካ ፍርሃቱ አማቷን ለቆ እሷ ውስጥ ቤት ሠርቷል። አላውቅም ለማለት እንኳ ድምፅ አጣች። ዳይሬክተሩ ወደ ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር አንሾካሾከ፤ ኢንስፔክተሩ ራሱን ነቀነቀና ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

በሩ ተከፈተ። ኦቦ ጨመዳ ተመልሰዋል። ከዋናው በር ሆነው ጆሯቸውን ጥለው ኖሯል፤ ድምጿን ሲያጡ ነው የመጡት። ማንንም ሳያስፈቅዱ በወንበሮቹ መሐል አለፉና ከምራታቸው ፊት ለፊት፣ እጅ ለእጅ በሚያስነካካ ቦታ ቆሙ። ከኋላ ያሉት ሽማግሌዎች አጉረመረሙ። እንዲህ ያለ ነገር አይደረግማ! እሷ አንገቷን ደፋች።

በኦሮምኛ ነው የተናገሩት፤ ቀስ ብለው።

«ዓመቱን ሙሉ ከዚያ መስኮት ሥር ተቀምጬ የሰውን ሁሉ ልጅ ሰማሁ። የራሴን አልሰማሁም። ዱበዹ፣ ኢንተላ ኮ።»

ተናገሪ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ምራቴ አላሉም።

ድርቤ ቀና አለች። ፊታቸውን በወጉ ስታይ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነው። ፈርታለች፣ በጣም ፈርታለች። ነጠላውን ግን ከአፏ ላይ በገዛ እጇ አወረደችው።

«ዓባይ ነው የሚገባው» አለች። ድምጿ ቀጥኖ ሊበጠስ ደርሷል።

ኢንስፔክተሩ በመነጽሩ ሥር አያትና፣ ባሮ አይደለም እንዴ፣ ደህና አድርገሽ አስቢ እንጂ አላት። የፈተና ተንኮል ነው! ልቤ ቆመ። ይህቺ የጻፈችውን እውነት ሰርዛ የምትመልስ ልጅ አሁን ባሮ ነው ትላለች፣ አለቀላት አልኩ። አውራ ጣቷን ፈለግኩት፤ ወጥቷል።

«አይደለም። ዓባይ ነው» አለች፤ ይህን ጊዜ የኋላዎቹ ሁሉ ሰሙ።

የሦስት አራተኛ ግማሽ ስንት ነው አላት። ሦስት ስምንተኛ አለች፣ ሳይጨርስ። ከመጽሐፉ አንድ ገጽ አስነበባት። መጀመሪያ ተንተባተበች፤ እየቆየች ግን ክፍሉን ሞላችው። እንደ አምናው ሆና አነበበች፤ እኔም እንደ ሕፃን አነባሁ። መምህር ተክለጻድቅ ማስመሪያቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ነበር። በመጨረሻ ኢንስፔክተሩ ጻፈና፣ ይበቃል፣ አልፋለች፣ ትቀመጥ አለ።

ኦቦ ጨመዳ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። አማርኛ እምብዛም አይሆንላቸውም፣ አንተና አንቱን አይለዩም። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ኢንስፔክተሩ ዞሩ።

«ጌታዬ» አሉት፣ «አንድ ጥያቄ ጨምርላት።»

ኢንስፔክተሩ እሳቸውንም እሷንም አየ። የዘጋውን ብዕር ከፈተና ጨመረላት።