ነፋሱ ወደ መምህሩ ቤት ሲዞር

ስልኩ ሲጮህ የጠዋቱን ዳቦ ከመጋገሪያው እያወጣሁ ነበር። የታላቅ ወንድሜ ሚስት ናት። «እህቴ፣ ሥራ ላይ ነሽ?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። «ወንበር ፈልጊ» አለች። ወንድሜ የሰው ቤት እየቀባ ሳለ ደከመኝ ብሎ ከመሰላሉ ወርዶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ፣ በዚያው ቀረ። የቀረውን ዳቦ አወጣሁ፤ ቢያርር ለማንም አይጠቅምም። ከዚያ ሽርጤን ፈታሁ።

ቀለም ቀቢ ነበር። አርባ ዓመት የሰው ቤት ሲያሳምር የራሱ በር ቀለሙ ተልጦ ኖረ። ሚስቱ ስትነዘንዘው «ደንበኛዬ ስላልሆንሽ ነው» ይላታል። ከጥፍሩ ሥር ቀለም አይጠፋም፤ ሰኞ ሰማያዊ ከሆነ ሐሙስ ቢጫ ነው። ነገር የማያካብድ ሰው ነበር፤ በአንድ ነገር ብቻ ሆዱ ሻክሮ ነበር።

እኛ ሦስት ነን። እሱ ታላቅ፣ እኔ መካከለኛ፣ ታናሻችን ደግሞ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ መምህሩ ይለዋል። ሁለቱ ወንዶች የአባታችንን ግቢ ተካፍለው ጎን ለጎን ይኖራሉ። ከስምንት ዓመት በፊት ታላቄ ለሥራ ሁለት ሳምንት ርቆ ሰንብቶ ሲመለስ፣ ግቢው መሃል የጡብ አጥር ቆሞ ጠበቀው። መሬት አልተወሰደበትም፤ ልኩ ልክ ነው። «ሳይጠይቀኝ» ብቻ ነው ያለው። መምህሩም «ድርሻዬን ለማጠር ፈቃድ ልለምን?» አለ። በዚህ ተኮራረፉ። እኔ አንዱ ጋ ምሳ እየበላሁ፣ ሌላው ጋ ሻይ እየጠጣሁ ስመላለስ ኖርኩ።

በዚህ ዓመት ለታላቄ አንድ የመታረቂያ ዘዴ መጣለት። መምህሩ በልጅነቱ የተጠበሰ ድንች ነፍሱ ነበር፤ ያውም ልጣጩ ያረረው። ታላቄ ባዶ የቀለም በርሜል ለሁለት ሰንጥቆ፣ ሽቦ አልብሶ፣ ከአጥሩ ሥር አቆመው። ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ደግሞ ቀጭን ጨርቅ አሰረ። ቀለም ቀቢ ነፋስ ያውቃል፤ እርጥብ ቀለም ላይ አቧራ እንዳያርፍበት ሲጠባበቅ ነው የሚኖረው። ጨርቁ ወደ መምህሩ ቤት ሲውለበለብ ብቻ ከሰል ያያይዛል።

«እግሩ አልመጣ ካለ አፍንጫው ይምጣ» አለኝ።

«አፍንጫው ብቻውን ቢመጣ ምኑን ልታጎርሰው ነው?» አለች ሚስቱ።

ቅዳሜ ሲደርስ ቤቱ ይታመሳል። «ዞረ፣ ዞረ» እያለ ይጣራል፤ እሷ ድንች ታጥባለች፣ እኔ የበቆሎ ሽፋን እገፍፋለሁ፣ እሱ በካርቶን ያራግባል። ነፋሱ ከተመለሰ እንደ ልጅ ያኮርፋል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን መምህሩ ጋ ሻይ ስጠጣ፣ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ። «ሰውዬሽ ሊያፍነኝ ነው» አለኝ። «በየቅዳሜው የቀለም ጭስ ይለቅብኛል።»

ለካስ እውነቱን ነው። በርሜሉ ላይ የደረቀው ቀለም ገና ተቃጥሎ አላለቀም ነበር። የወንድሜ አፍንጫ ቀለም ለምዷል፣ አይሸተውም፤ ለኛ ደግሞ ነፋሱ ጭሱን ስለሚያርቅልን አይደርሰንም።

ስነግረው ወንበር ላይ ዘጭ አለ። «ስንት ቅዳሜ ሆነ?»

«አምስት።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ቆመ። «በገዛ እጄ ጠላቱ ሆንኩ» አለ።

በርሜሉን ሁለት ቀን ባዶውን አነደደው፤ በአሸዋ ፈተገው። ከዚያ እኔን አስጠግቶ «አንቺ የዳቦ ቤት አፍንጫ ነሽ፣ አሽትቺልኝ» አለኝ። የብረት ሽታ እንጂ ሌላ የለውም።

በስድስተኛው ቅዳሜ ነፋሱ እምቢ አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨርቁ ወደኛ ነው የሚያመለክተው። ወንድሜ ይቀመጣል፣ ይነሳል። ድንገት ጨርቁ ወደቀ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ዞረ። ሦስታችንም ተሯሯጥን። ድንች በዘይትና በጨው ታሽቶ ከነልጣጩ ተደረደረ፤ ለሁለት የተከፈለ ሽንኩርት ተከተለ፤ ከዚያ የዶሮ ጭን። ስቡ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ ቸስ ይላል። ጭሱ ከፍ አለና አጥሩን ተሻገረ። ኳስ እንደሚያይ ሰው አጥሩ ላይ አፈጠጥን።

የውጭው በር ተንኳኳ። መምህሩ ነው። ጥላሸት ያረፈበት ነጭ ሸሚዝ ክንዱ ላይ አንጠልጥሏል።

«ይህን ላሳይህ ነው የመጣሁት» አለ። ሰላምታ የለም።

ወንድሜ ከእሳቱ ዞር አላለም። «ጥሩ አደረግህ። ቁጭ በልና አሳየኝ።»

«ለመቀመጥ አልመጣሁም።»

«እሺ፣ ቆመህ አሳየኝ። ጠጋ በል፣ ዓይኔ ደክሟል።»

መምህሩ ጠጋ አለ። ዓይኑ ከሸሚዙ ወደ ሽቦው ሄደ። «ያ ድንች አርሯል» አለ።

«እንዲያርር ነው የተውኩት።»

«ለማን?»

«ልጣጩን ለሚበላ።»

መምህሩ ጎንበስ ብሎ አሸተተው። «እስከዛሬ የቀለም ሽታ ነበረው» አለ።

«ነበረው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልሸተተኝም።»

«እንዴት አይሸትህም?»

«አንተን ጠመኔ ይሸትሃል?»

እንደ ሒሳብ አሰበበት። «አይሸተኝም» አለ።

ሸሚዙን ለኔ አቀበለኝና ድንቹን በጣቱ አነሳ። አቃጠለው፤ ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጠ ነፋበት። ወንድሜ ጨው አቀበለው። አራት በላ። በአራተኛው ላይ አፉ ሙሉ እንደሆነ «ሳልጠይቅህ ማጠሬ ልክ አልነበረም» አለ። ወንድሜ ያልሰማ መስሎ ዶሮውን ማገላበጡን ቀጠለ፤ የሚያገላብጠው ግን አሁን ያገላበጠውን ነው።

«ዛሬ እየጠየቅሁህ ነው» አለ መምህሩ። «አጥሩ ላይ በር እናውጣለት?»

ወንድሜ እጁን ሳይታጠብ ሮጦ ብሩሽ አመጣ። ጡቡ ላይ በሰማያዊ ቀለም የበር ቅርጽ ሠራ። ሚስቱ «ጠማማ ነው» አለች። መምህሩ ከቤቱ ሜትር አምጥቶ ለካው፤ እውነትም ጠማማ ነው። እንደዚያ ሲስቁ ካየሁ ስንት ጊዜዬ። በመጪው ቅዳሜ ሊያፈርሱት ተቀጣጠሩ።

ወንድሜ ያረፈው ያ ቅዳሜ ሳይደርስ፣ ሐሙስ ነው። መምህሩ መዶሻና መሮ ገዝቷል። እስካሁን አንድም ጡብ አልወጣም።