የማድሎሞ እልልታ

በእኛ ሰፈር ማድሎሞ እልል ያላለችለት ሰርግ፣ ሰርግ አይባልም። ከላይኛው መንገድ ስትለቀው ወንዙ ዳር ይሰማል። ጎረቤቷ ነኝ፤ ጆሮዬን ጠይቁት። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ባጠበችበት በነጮቹ በሃርትሊዎች ቤት ግን ስሟ ግሬስ ነው። "የእኛ ግሬስ እኮ ድምፅ የላትም" እያሉ ለእንግዳ ያሞግሷታል። ይህን የሰማን ቀን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ልጇን ምዙኪሲን ያስተማሩት እነሱ ናቸው። የነጮች ትምህርት ቤት ገባ፤ በአፍንጫው ማውራት ለምዶ ወጣ፤ ዩኒቨርሲቲም ዘለቀ። ሊመረቅ በደረሰበት ሰሞን ከእናቱ ጋር ሲያወሩ በአጥሩ ሰማሁ። አልሰማሁም ብል ማን ያምነኛል?

"እማ፣ የመግቢያ ካርድ ሁለት ብቻ ነው የሰጡኝ።"

"ምን አነሰን? አንዱ የእኔ፣ አንዱ..." ሳትጨርሰው ገባት። "አሃ! ሁለቱም የሃርትሊዎቹ ናቸዋ። የከፈሉት እነሱ ናቸው፤ ደግ አደረግህ ልጄ።"

"የአዳራሹ መስኮት ክፍት ነው። ስሜ ሲጠራ ከውጭ እልል በይልኝ። የሰው እናት ሁሉ እልል ስትል የእኔ ዝም እንዳትል።"

"ያን አዳራሽ ባልሰነጥቀው ማድሎሞ አይደለሁም!"

የዝንጅብል መጠጧን እየጠመቀች ድምጿን ስትሞክር የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሯት አላዘነ።

"ማድሎሞ፣ ኧረ ለጆሯችን እዘኚ!" አልኳት።

"ጥጥ ወትፍበት! አንተ በዚያ በታክሲህ ጥሩምባ ስታደነቁረን ምን አልንህ?"

የምረቃው ቀን በዚያው ታክሲ አደረስኳት። ወይዘሮ ሃርትሊ ትንሽ ነጭ ውሻዋን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች።

"ግሬስ፣ እግዚአብሔር ነው ያመጣሽ! ውሻ አይገባም አሉን። ያዢልኝ። ልቡ ደካማ ነው፤ ጩኸት እንዳያስደነግጠው አደራ።"

አስታቅፋት ገባች። "ስጪኝ፣ እኔ ልያዘው" ብዬ እጄን ስዘረጋ ውሻው ጥርሱን አሳየኝ። ያሳደገችው ማድሎሞ ናት፤ ሌላ ሰው አያስጠጋም።

ስም በተጠራ ቁጥር አዳራሹ ውስጥ አንዲት እናት እልል ትላለች። ምዙኪሲ ተጠራ። ማድሎሞ አፏን ከፈተች። ውሻው ደረቷ ላይ ተንቀጠቀጠ። ቁልቁል አየችው፤ አፏን መልሳ ገጠመች። ከውስጥ ቀጭን ጭብጨባ ተሰማ። በመስኮቱ አየሁት፤ ልጁ መድረኩ ላይ ቆሞ ወደ እኛ አቅጣጫ ፊቱን አዙሯል። ቀጣዩ ስም እስኪጠራ አልተንቀሳቀሰም።

ሲወጣ "እማ፣ አልነበርሽም እንዴ?" አላት።

"እዚሁ ነበርኩ።"

ውሻውን አየው። "በቃ፣ አሁን በይልኝ።"

ማድሎሞ ወይዘሮ ሃርትሊን ሰረቅ አድርጋ አየች። "ማታ ቤት ስትመጣ" አለችው።

ማታ ሃርትሊዎቹ ሆቴል ራት ጋበዙት። እኛ ግቢዋ ተሰብስበን ዝንጅብሉን ጠጣን። ሴቶቹ "እስኪ ልቀቂው!" ሲሏት "የእልልታው ባለቤት ሳይመጣ?" ብላ በሩን አየች። ለእሱ አንድ ማሰሮ ከድና አስቀመጠች። አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ ስንት ሰርግ ተሰረገ። ስንጠራት ትመጣለች። ትበላለች፣ ሙሽሮቹን ትስማለች፤ ሌሎቹ እልል ሲሉ እሷ ታጨበጭባለች።