አምስት ጣት ተኩል

ዘንድሮም ቀዳም ስዑር ጠዋት የደብራችን ዲያቆናት ቃጭል እያቃጨሉ መጥተው ገና ውኃው ያልደረቀ ቀጠማ ሰጡን፤ የልጅ ልጄ ሜሮን ተቀብላ ግንባሬ ላይ ስታስርልኝ ያ ጭቃ ጭቃ የሚል የረግረግ ሽታው ከአፍንጫዬ አልፎ ሆዴ ገባ። ሌላው ሰው ቀጠማ ሲሸተው ሰላምና ትንሣኤ ትዝ ይለዋል፣ እኔ ግን አይብ ነው ትዝ የሚለኝ። ስልሳ ዓመት አልፎኝ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ውስጥ «አክፋይዋ እትዬ እናኑ» እየተባልኩ፣ ቀጠማ በመጣ ቁጥር በአንድ ማሰሮ አይብ የተነሣ አንገቴን እደፋለሁ።

እቴቴ ውዴ የአባቴ ታላቅ እኅት ነበረች። በቁርባን ያገባችው ባሏ ሲሞትባት ከይጁቤ መጥታ እኛ ቤት ገባች፤ ከዚያም ወዲህ ሌላ ትዳር ሳያምራት ቆራቢ እንደሆነች ኖረች። በልጅነቷ ጤፍ ስታጭድ የግራ እጇን ትንሽ ጣት ማጭድ ግማሹን ወስዶባት ስለነበር፣ አዳም ከገነት የወጣበትን ታሪክ ስትነግረኝ በዚያችው ጉማጅ ጣት ነበር የምታስረዳኝ። ጌታ ለአዳም «በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» ብሎ ቃል የገባለት ጋ ስትደርስ የቀኝ እጇን አምስት ጣቶች ትዘረጋና፣ ቀጥላ ጉማጇን ብቅ ታደርጋለች፤ አምስት ተኩል! አንዱ ቀን አንድ ሺህ ዓመት መሆኑን የተረዳሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ያኔ ግን እግዚአብሔር ዓለምን የሚያድንበትን ቀን የቆረጠው የእቴቴ ውዴን እጅ አይቶ ይመስለኝ ስለነበር፣ ጣታቸው ሙሉ የሆነ የጎረቤት ሴቶች ተኩሏን በምን እንደሚቆጥሯት እያሰብኩ ከልቤ አዝንላቸው ነበር።

አንድ ቀን፣ ያን ያህል ከሚያስጠብቀው ለምን ያኔውኑ አልማረውም ብዬ ጠየቅኋት። «ፍርዱም እንዳይቀር፣ ልጁም እንዳይጠፋ ነዋ! አንዱ መጥቶ ይሸከምለት አይደል?» አለችና ጥጧን መፍተሏን ቀጠለች። እኔም የገባኝ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ታዲያ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ እኔም እንደ እቴቴ ውዴ አከፍላለሁ ብዬ ተነሣሁ። ከስቅለት ዓርብ ጀምሮ ትንሣኤ ሌሊት ዶሮ እስኪጮህ እህል ውኃ ላልቀምስ ነው እንግዲህ! እናቴ «ተይ አንቺ ልጅ፣ ጾሙ አንቺን አይመለከትሽም» አለች፤ ልብስ ሰፊው አባቴ ግን ደስታውን አልቻለውም፤ ለበዓል ልብሱን ሊወስድ ለሚመጣው ሁሉ ከስፌት መኪናው ቀና እያለ «የእኔ እናኑ እኮ አክፋይ ሆነች!» ይላል። አባቴ ደግ ሰው ነበር፤ ውሸትና ሌብነት ካገኘ ግን ከበሩ ኋላ የተሰቀለች አለንጋ ነበረችው።

ዓርብን በወሬና በስግደት ተወጣሁት። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግን አባቴ ሱቁ፣ እናቴ ትንሹን ወንድሜን አበጀን አዝላ ገበያ፣ እቴቴ ውዴ መደቧ ላይ ሆና ዳዊቷን እየደገመች፣ እኔ ጓዳ ውስጥ ከኮባ ቅጠል ሥር ከሚሸተኝ አይብ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ጤና አዳም ገብቶበታል። አንድ ጣት ልቅመስ ብዬ ጀመርኩ፤ ሆድ ጠላቱ! እጄን እስከ አንጓዬ ከትቼ ማሰሮውን እስከ ወገቡ አጎደልኩት።

እናቴ ከገበያ ተመልሳ ማሰሮውን ስትከፍት የጮኸችውን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ቀጥላ «እናኑ! የት ነሽ?» ስትል እኔ ከጠላው ጋን ኋላ ተሸጉጬ፣ አዳም ቅጠል ሥር ሆኖ ሲጠራ ምን ተሰምቶት እንደነበር ከማንም በላይ ገብቶኝ ነበር። ጎትታ ስታወጣኝ አባቴም ለምሳ ገባ፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ቀጠማ ይዘው የነፍስ አባታችን ከነቃጭላቸው ደጁ ላይ ደረሱ። ጉድ ፈላ። አባቴ ፊቴን አየ፣ ማሰሮውን አየ፣ እጁን ወደ አለንጋዋ ሰደደ፤ ያን ጊዜ እቴቴ ውዴ ከመደቧ ተነሥታ መጥታ በመካከላችን ቆመች።

«ልጅቱን ተዋት። እኔ ነኝ፤ ጾሙ ከበደኝና ገደፍኩ።»

የነፍስ አባታችን ቀጠማውን እንደያዙ ወደ መሬት አቀርቅረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንግዲያው የነገው ቁርባን ይቀርብዎታል፣ እሜቴ» አሏት። ለዚያች ሌሊት ነጠላዋን በእንዶድ አጥባ፣ አጥፋ፣ ትራሷ ሥር አስቀምጣ ነበር። እኔ ብናገር የሚደርስብኝ ሦስት አራት አለንጋ ነው፤ እሱንም እናቴ መሀል ገብታ ታስቀረው ነበር። አፈር ልብላና፣ አልተናገርኩም።

ሌሊት በቅዳሴው ቆራቢዎች ሲጠሩ፣ ያቺ ያከፈለች ልጅ ትቅደም ተባለ። ወደ ኋላ ሸሸሁ። እቴቴ ውዴ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ለቁርባን የሚጾመው አሥራ ስምንት ሰዓትሽ ሞልቷል፤ ልጅ ደግሞ ጾም የለበትም። ሂጂ ቅረቢ» አለችኝ። ለካ ስትቆጥርብኝ ሳይሆን ስትቆጥርልኝ ነው ያደረችው። ቆርቤ ስመለስ አፌን የምሸፍንበት ነጠላ አልነበረኝም፤ ያን በእንዶድ የታጠበ ነጠላዋን አውልቃ በእሱ ሸፈነችኝ፣ እሷም በቀሚሷ ብቻ በብርድ ቆመች። ስለዚያ ነገር ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልወጣትም።

በሚቀጥለው ዓመት ፋሲካ ቆረበች፣ እስክትሞትም ስትቆርብ ኖረች፤ ስሟ ግን አልተመለሰም። ወሬው ከቤት ወጥቶ የሰፈሩ ሰው «የአይቧ ውዴ» አላት፤ ቀብሯ ላይ እንኳ አንዲት ሴት ይህንኑ ስታሾክሹክ ሰምቻለሁ። አድጌ ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ፣ ለአይቡ ስግደት ካዘዙኝ በኋላ «ስሟን ግን ለቤተሰብሽ ተናግረሽ መልሺላት» አሉኝ። እሺ አልኩ። ለሚቀጥለው ፋሲካ፣ ለሚቀጥለው ፋሲካ እያልኩ አባቴም እናቴም አለፉ። በየበዓሉ አይብ ሲቀርብ አበጀ አንድ ማንኪያ ከገበታው ጥግ ያደርግና «ይቺ የእቴቴ ውዴ ድርሻ ናት!» ይላል፤ ቤቱ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ፣ ሳቄ።

ዘንድሮ በፋሲካ ጠዋት አበጀ እንደ ልማዱ ያቺን ማንኪያ አስቀመጠ። ሜሮን ሳቀች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ያን ጊዜ ጉርሻዬን መለስኩና «አበጀ፣ አይቡን የበላሁት እኔ ነኝ፤ እቴቴ ውዴ ጣቷን አላስነካችም» አልኩ።

አበጀ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ተነሥቶ ትከሻዬን ሳመኝ። «አያችሁ? ለሞተ ሰው እንኳ ኃጢአት ትሸከማለች! እኅቴ፣ ደግነትሽ እኮ ልክ የለውም!» አለ። «እውነቴን ነው፣ በእግዚአብሔር እምላለሁ» ብለውም፣ «በበዓል ቀን አትማይ» አለኝ። ምራቴ ዓይኗን ጠረገች፤ ሜሮን እማሆይ የሆንኩ ይመስል እጄን ሳመችኝ። በተናገርኩ ቁጥር እኔ ከፍ ከፍ አልኩ፣ እቴቴ ውዴ ግን እዚያው ማንኪያዋ ላይ ቀረች። ገና አባቴና እናቴ ሳሉ ብናገር ማሰሮውን፣ ጋኑን፣ ፊቴን አስታውሰው ያምኑኝ ነበር፤ አሁን የበላሁትን የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ናት፣ እሷም ደብሩ ግቢ ውስጥ አፈር ለብሳለች።

ማንኪያዋን አንሥቼ አይቡን እኔው በላሁት። ከዚያ እጆቼን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አየኋቸው፤ አሥሩም ጣቶቼ ሙሉ ናቸው።