ጥድፊያ የሰረዘችው ስም

የመድኃኒት ቤቶቹ ሠራተኞች «ጥድፊያ» ይሏታል። ስልክ ሲደወልላት ሰላምታው ሳያልቅ ችግሩን ፈትታ የምትዘጋ ሴት ናት። ሥራዋ ዋናው መሥሪያ ቤት ተቀምጣ በየቅርንጫፉ ያሉትን ኮምፒውተሮች መከታተል ነው። የአንዱ ፕሪንተር እምቢ ሲል፣ የሌላው መሸጫ ፕሮግራም ሲንቀራፈፍ፣ ከወንበሯ ሳትነሳ በርቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ገብታ ታስተካክላለች።

ይህን ፕሮግራም ያስገቡትም፣ እሷን ሥራውን ያስተማሯትም ከእሷ በፊት ኃላፊ የነበሩት ሰው ናቸው። ሁሉም «ጋሼ» ይሏቸዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላም ስማቸው ከእሷ ስም ጎን በአስተዳዳሪነት ተመዝግቦ ቀርቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቤታቸው ሆነው ገብተው ያዩና፣ «የገበያው ቅርንጫፍ ዲስኩ እየሞላ ነው፣ እይው እስቲ» ብለው ይደውላሉ። የሚሉት ሁልጊዜም ልክ ነው። እሷ ግን ሞግዚት የተቀመጠባት እየመሰላት ደሟ ይፈላል።

አንድ ቀን ራሷ ደወለች። «ጋሼ፣ እንግዲህ እርስዎ ይረፉ። ስምዎን ላወጣው ነው።»

«ለክፉ ቀን ቢቀመጥ አይሻልም ልጄ? ምንም አልነካካም።»

«የደኅንነት ጉዳይ ነው» አለች። እንዳልሆነ ግን ልቧ ያውቀዋል።

«እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አሉ። ስልኩ ሳይዘጋ ሰረዘቻቸው።

ብዙም ሳይቆይ ዕቃ ስታጥብ ስልኳ ከመደርደሪያው ተንሸራቶ ሳሙና ውሃ ውስጥ ገባ። ታናሽ እህቷ በፎጣ ጠቅልላ ብትለፋም አልነቃም። በማግስቱ ቢሮ ገብታ የይለፍ ቃሏን ስትጽፍ፣ ፕሮግራሙ በስልኳ ላይ የሚወጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ጠየቃት። ቁጥሩን የሚያወጣው መተግበሪያ ከስልኩ ጋር አብሮ ሄዷል። ስልክ ሲጠፋ የሚያስገቡትን የመጠባበቂያ ኮዶችም «ነገ አወጣቸዋለሁ» እንዳለች ነው። ደጋግማ ብትሞክር መግቢያው ጭራሽ ተቆለፈ። ሌላ አስተዳዳሪ እንዲከፍትላት የሚል ጽሑፍ መጣ። ሌላ አስተዳዳሪ የለም።

ከዚያ በኋላ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ በአውቶቡስ መንከራተት፣ በየጠረጴዛው ሥር መንበርከክ ሆነ ሥራዋ። አንዱ ጋ ስትደርስ ሌላው በአዲሱ ስልኳ ይደውላል። ለፕሮግራሙ ባለቤት ድርጅት ጻፈች። መልሱ አጭር ነበር፦ መጀመሪያ መለያውን የከፈተው ሰው ማንነቱን አረጋግጦ ከፈቀደ ይከፈትልሻል። የከፈቱት ጋሼ ናቸው።

መደወል አሳፈራትና ቤታቸው ሄደች። በሩን የከፈቱላት ሚስታቸው ናቸው። «ምነው ጠፋሽ? ጋሼሽ እኮ ስልኩን እያየ ሲጠብቅሽ ከረመ» አሏት። ሳሎኑ ጥግ ኮምፒውተራቸው ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል።

የሆነውን ነገረቻቸው። ወቀሳ ስትጠብቅ፣ እሳቸው መነጽራቸውን ፍለጋ ተነሡ። ድርጅቱ ጋ በቪዲዮ ተደወለ፤ መታወቂያቸውን አሳዩ፤ የተጠየቁትን ሁሉ ሳይሰለቹ መለሱ። «አዎ፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። አሁን ኃላፊዋ እሷ ናት፤ ሙሉ መብቱን ለእሷ ስጧት» አሉ። ስለ ራሳቸው አንድም ቃል አልተነፈሱም።

መግቢያው ሲከፈት ላፕቶፗን ይዛ እዚያው ሶፋው ላይ ነበረች። ስክሪኑ ላይ ቅርንጫፎቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ ሆኑ። ደስታ ይሰማኛል ስትል ዓይኗ ጨርቅ የለበሰው ኮምፒውተር ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ስምዎን ልመልሰው።»

«ተዪው ልጄ። ከባልደረቦችሽ አንዱን አብሮሽ አስገቢ።»

«እኔ የምፈልገው እርስዎን ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ያለ ቁጣ። «ጠዋት ተነሥቼ የማየው ነገር ነበረኝ። ሲቀር ከበደኝ፣ አልዋሽሽም። አሁን ለመድኩት። እንደገና ጀምሬ እንደገና መተው አልችልም።»

ሚስታቸው ሻይ ይዘው ሲመጡ ሁለቱም መስኮቱን እያዩ ነበር።

አሁን አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ሁለተኛ አስተዳዳሪ ሆናለች፤ ኮዶቹም ታትመው ካዝና ገብተዋል። ጥድፊያ ለጋሼ ቶሎ ቶሎ ትደውላለች፤ ስታወራቸው ግን አትቸኩልም። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ። ስለ ሥራው ግን ጠይቀዋት አያውቁም፤ እሷም ለማንሣት አትደፍርም።