ሳይጠይቅ የሚጠርገው መጥረጊያዬ

በዚህ ዕድሜዬ እንደ እኩዮቼ ጓሮዬን መኮትኮት ሲገባኝ፣ የተርሚናል መሣሪያ መሥራት ሱስ ሆኖብኛል። ተርሚናል ያ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጡበት ጥቁር መስኮት ነው። መሥሪያ ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሐይቁ አፍ ላይ ነው፤ ከመስኮቴ እጄን ብዘረጋ ዓሣ እይዛለሁ ብል ውሸቴ ትንሽ ናት። የምንሠራውም የጀልባ ትኬት ነው፤ ወደ ገዳማቱ የሚሄደውም፣ ጎርጎራ የሚሻገረውም በእኛ በኩል ይመዘገባል። ፕሮግራሞቹ ኮንቴይነር በሚባሉ ሣጥኖች ታሽገው፣ ክላስተር በሚባል የሰርቨሮች ስብስብ ላይ ይኖራሉ። ክላስተራችን ሁለት ነው፤ አንዱ መሞከሪያ፣ ሌላው መንገደኛው ሁሉ የተንጠለጠለበት ዋናው።

መሞከሪያው በአሮጌ ኮንቴይነር ታፍኖ መተንፈስ ሲያቅተው አንድ መሣሪያ ጻፍሁለት፤ መጥረጊያ አልሁት። ቀን ይሰጡታል፣ ከዚያ ቀን በፊት የተፈጠረውን ሁሉ ይጠርጋል። ገና ያልተፈተነ ነው። "እርግጠኛ ነህ ወይ?" እያለ አይነዘንዝም፤ ይህንንም እንደ ጨዋነት ቆጥሬለት ነበር።

አንድ ረፋድ ከጎኔ የምትቀመጠውን መሐንዲስ "እስቲ ሞክሪልኝ" አልኋት። እናቷን ይዛ ከጎንደር የመጣች፣ የቅጥር ሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ የተቃረበ ልጅ ናት። አንዲት ጥፋት ከተገኘባት ቋሚነቱ ቀርቶ ጓዟን ጠቅልላ በሐሙሲት በኩል መመለሷ ነው።

"ጋሼ፣ ደግሞ እንጀራዬን እንዳያሳጡኝ።"

"እኔ? ላንቺ ከጉማሬ ጋር እታገላለሁ!"

"ጉማሬው ቦርጭዎን አይቶ ዘመድ መጣ ይላል እንጂ መቼ ይታገልዎታል?"

ከዘንድሮ መስከረም በፊት ያለው ይጠረግ ተባባልን። ቀኑን ጻፈች፤ ቁልፉን ተጫነች። ከዚያ እጇ አየር ላይ ቀረ።

"ጋሼ... ይኼ ዋናው ነው።"

ጠዋት ዋናው ላይ ብልሽት ስታስተካክል ቆይታ ወደ መሞከሪያው መቀየሩን ረስታዋለች። ዋናው ላይ ደግሞ ትኬቱን የያዘው ሁሉ ከመስከረም በፊት የተፈጠረ ነው። ብድግ ስል ወንበሬ ጢስ ዓባይ ድረስ የተወረወረ መሰለኝ። ልጅቷ ፊቷ አመድ ሆነ። "እናቴን ምን እላታለሁ?" አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለስክሪኑ።

ስክሪኑም መለሰ፦ የሚጠረግ ነገር አልተገኘም።

"ይዋሻል" አለች።

"እንዴት ይዋሻል?"

"የሠሩት እርስዎ አይደሉ?"

ስልኬን አውጥቼ የትኬቱን ገጽ ከፈትሁ። የጎርጎራው ጀልባ ከነተሳፋሪዎቹ አለ። የገዳማቱም አለ። ሁሉም አለ! እሷ ግን ሳታምን የጻፈችውን መልሳ አነበበች፤ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

"ዓመተ ምሕረቱን በእኛ ነው የጻፍሁት።"

እኔም አጠገቧ ቆሜ አይቼዋለሁ፤ ቅንጣት አልከነከነኝም። ጾማችን፣ በዓላችን፣ የቤት ኪራያችን በእሱ አይደል? ማሽኑ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ቢፈልግ ቢፈልግ፣ ያኔ እንኳን ኮንቴይነሩ ድርጅቱም አልተወለደም። መጥረጊያዬ ባዶ ሜዳ ጠርጎ ተመለሰ።

ተሳሳቅን። ሳቃችን ሐይቁን ሳያናውጠው አልቀረም። እንባዬን እየጠረግሁ "በቃ፣ እኔና አንቺ ብቻ እንወቀው" አልኋት።

"አይሆንም ጋሼ። ነገ ሌላ ሰው በትክክለኛው ቀን ይጫነዋል።" ተነሥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

እኔ በር ላይ ቆሜ የደሴቶቹን ታቦታት በየስማቸው ጠራሁ፤ አንዱም እንዳይቀየመኝ ብዬ ደግሜ ጠራኋቸው። እሷ ስትወጣ ፊቷ ወደ ቦታው ተመልሷል።

"ምን አለሽ?"

"'ምን ጠፋ?' አለኝ። 'ምንም' አልሁት። 'መጥተሽ መናገርሽ ደግ ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ ቋሚ ነሽ' አለኝ።"

እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

"እርስዎን ግን አሁኑኑ ይግባ ብሏል" አለች፣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን እየያዘች። "በጣም ተቆጥቷል።"

ገባሁ። ሳይጠይቅ የሚጠርግ መሣሪያ ስለ ሠራሁ ጣሪያው እስኪነሣ ጮኸብኝ። እኔ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ቁጣ ሰምቼ አላውቅም።